ቃሬዛ የማያሳልፍ አጥር

መርሳ፣ ሰኔ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ የአጎት ልጅ ለናስር፣ ኢዝሚር፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። አያቴ አባባ አብዱልሐሊም ከጎኔ ተቀምጠው እያስጻፉኝ ነው፦ «አላህ ባለህበት ያጽናህ፤ ቀንህን ያለ ክፉ ወሬ ያውልልህ፤ የሰው አገር አፈሩን ገለባ ያድርግልህ…» እዚህ ላይ አስቆምኳቸው። «አባባ፣ ይሄ ለሞተ ሰው ነው የሚባለው» ብላቸው፣ «አንቺ ጻፊ፤ እሱ ይገባዋል» አሉ። ጻፍኩ። እንግዲህ ይግባህ።

ከዚህ በታች ያለው የኔ ነው። አባባ «ታላቅሽ ነውና በአንቱ ጻፊለት» ብለውኝ ነበር። ግን በፎቶህ ላይ የፍየል ጆሮ የሚያክል ማዳመጫ ደፍተህ ስትስቅ ስላየሁህ አንቱታው ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። ካስቀየምኩህ በሚቀጥለው እመልሰዋለሁ።

የላክልን አሮጌ ላፕቶፕ በደህና ደርሷል። እናቴ ዳንቴል አልብሳዋለች። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይነሳል፤ እንግዳው ያደንቃል፤ ዳንቴሉ ይመለሳል። በመሃል ባገኘሁት ክፍተት እኔ እሠራበታለሁ።

ድርጅታችሁ «አሻግር» ላልከኝ የኮምፒውተር ጨዋታ ከውጭ ሰው አንድ ካርታ እንደሚቀበል ከነገርከኝ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ ትቻለሁ። እንደገባኝ አንዱ ወገን ጭነት ይዞ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ያሻግራል፤ ሌላው ወገን እያሳደደ ይከለክላል፤ ከተማውን ግን የሚሠራው ካርታ ሠሪው ነው። እኔ የኛን ሰፈር ሠራሁ፤ ከአስፋልቱ እስከ ወንዙ። ጆንያ ተሸክመህ ትሄዳለህ። በየበሩ አንድ ሽማግሌ አስቀምጫለሁ፤ ሰላምታውን ሳትመልስ አያሳልፍህም። ልክ እንደ እውነቱ። የቅሬያችንን ዳኛ ጋሽ ግርማን ታስታውሳቸዋለህ? ሰው ሲሞት ወይም ሲታመም ሰፈሩን፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን መንገዱ መሃል አቁሜያቸዋለሁ። ስለ ዝናቡ ይጠይቁሃል፤ መልስህን ግን አይሰሙም።

ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ከካርታው ጋር በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ያሰብከውን በግልጽ ጻፍልኝ። እኔ ትችት የምፈራ ሰው አይደለሁም። «ግሩም ነው» ብቻ ብትልም አይከፋኝም።

ሀስና

—

ኢዝሚር፣ ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀስና፤

ወዓለይኩም ሰላም። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ምርቃታቸው ገብቶኛል፤ አፈሩም እስካሁን አልከበደኝም በያቸው። በአንተ ቀጥዪ። አንቱ ስባል የማላውቀው ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።

ካርታሽን ስከፍተው የግቢያችሁን የማንጎ ጥላ አየሁ። ጥላው ወደየት እንደሚወድቅ እንኳ አልተሳሳትሽም። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለው እንዳይከብድሽ ብዬ ነው።

ባልደረቦቼ ተጫወቱት። ወንዙ የደረሰ የለም። አለቃዬ ኤሊፍ በየበሩ እየቆመች፣ እየመለሰች፣ እየቆመች፣ በመጨረሻ እጇን አነሳች። «ይህ ካርታ አይደለም፤ ሰላምታ ነው» አለች። ሌላው ባልደረባዬ ደግሞ «መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው መሃሉ ላይ ከቆመ አበቃ፤ የምመርጠው ነገር የለኝም» አለ። እኔም አንድ ልጨምር። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይስቅበታል፤ የማያውቀው ይታሰርበታል። ለሚያውቁት ብቻ ነው የሠራሽው።

አንድ የሙያ ምክር። ሰው ካጫወትሽ በኋላ «ወደድከው?» ብለሽ አትጠይቂ። ሰው ያባብልሻል፤ የኛ ሰው ደግሞ ይብሳል። «የት ጋ ተያዝክ?» በዪውና ዝም በዪ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ፤ አንቺን ለይቶ ሳይከብድሽ አይቀርም።

አስተካክለሽ ላኪልኝ። ገና ጊዜ አለ።

ናስር

ከወልድያ ወዲያ ስላለው ጦርነት እዚህ ብዙ ይወራል። እናንተ ምን ትሰማላችሁ?

—

መርሳ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአቶ ናስር፤

(በአንተ ጀምሬ ነበር። ተቀይሜ ወደ አንቱ ተመልሻለሁ።)

አሰላሙ ዓለይኩም። የአባባ ምርቃት፦ «አላህ የባልደረቦችህን ልብ ያለስልስልህ።» ደብዳቤዎን ካነበብኩላቸው በኋላ ያወጡት ነው።

ለወይዘሮ ኤሊፍ እንዲህ ይበሉልኝ፦ እኛ ሰፈር በካርታና በሰላምታ መካከል ልዩነት የለም። በር ላይ የቀረችው የእግዜር ሰላምታ ስለሚከብዳት ነው። አላህ ያግራላት።

ምክርዎንም ሞክሬ አየሁ። ዳንቴሉን ገፍፌ ጎረቤቱን ሰበሰብኩ፤ «የት ጋ ተያዛችሁ?» አልኩና ዝም አልኩ። ጋሽ ግርማ፦ «እኔን ቆሜ እንድውል ያደረግሽኝ ምን በድዬሽ ነው? ድንጋይ እንኳ አጣሽልኝ?» እትዬ አሰለፈች፦ «የኔ አጥር እንዲህ ያዘመመ ነው? ልጄ ትዕግስት አርግዛ፣ ጠያቂ ሲመጣ ምን ይለኛል?» ልብ ይበሉ፤ አጥሩ በእውነትም አዝሟል። ካርታዬ ላይ እንዲያውም አቃንቼላቸው ነበር።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ። ከዚያ «ሰዉ ሁሉ ለምንድነው የሚሮጠው?» አሉ።

«ጨዋታ ነዋ አባባ።»

«መሮጥ ያቃተውስ የት ይገባል?»

«እሱ አይጫወትም» አልኳቸው። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ።

እንግዲህ ከኢዝሚርም ከመርሳም ተተቸሁ። ስለዚህ ሰርዤዋለሁ፤ ሙሉውን። ካርታ ሠሪ መሆን የሚፈልግ ሌላ ዘመድ ካለዎት ይፈልጉ።

በአስፋልቱ ላይ ከቆቦ በኩል ፍራሽ የጫነ ሰው ወደ ደሴ ያልፋል። እናቴ በር ላይ ቆማ ውሃ ታቀብላለች። አንዳንዱ ጎረቤት ዕቃ እያሰረ ነው። አባባ «ጉልበቴ ውርጌሳ እንኳ አያደርሰኝም፤ እናንተ ሂዱ» ይላሉ። ማን ይሄዳል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን።

ተቀያሚዋ ሀስና

—

ኢዝሚር፣ ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሀስና፤

ሰላም ለቤቱ ሁሉ ይሁን። ወልድያ የሆነውን ሰማሁ። ስልካችሁ አይጠራም። በአንቱም ሆነ በአንተ፣ ተቀይመሽም ቢሆን፣ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ስለ ካርታው አይሁን።

ናስር

—

ኢዝሚር፣ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሀስና፤

አላህ በጥላው ይያዛችሁ። የላክሁት ሁሉ ሳይደርስ ቆሟል። ደሴ ላለ ለሚያውቀኝ ሁሉ ደወልኩ፤ «መርሳ ድምጿ የለም» ይሉኛል።

ኤሊፍ «ያቺ ሰላምታ የምታበዛው ልጅ እንዴት ናት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

የሰረዝሽው ካርታ ቅጂው እኔ ጋ አለ። ዛሬ ሰው ለምሳ ሲወጣ ከፈትኩት። በየበሩ ቆሜ ሰላምታ እየመለስኩ እስከ ቤታችሁ ሄድኩ። የጋሽ ግርማንም ጥያቄ መለስኩ። አልቸኮልኩም።

ናስር

—

መርሳ፣ ኅዳር 2014 (ቀኑ ጠፍቶብኛል)

ለናስር፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ወረቀት መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም። መብራት የለም፤ ስልክ የለም። ላፕቶፑ ጎታው ውስጥ ማሽላ ስር ተደብቋል፤ እናቴ እዚያም ከነዳንቴሉ ነው ያስገባችው። ወደ አንተታው ተመልሻለሁ። ቂም ለካ ሆድ ሲጠግብ የሚያዝ ነገር ነው።

የአባባ ምርቃት፦ «በሰላም ያገናኘን።» ሌላ አልጨመሩም። ማሳጠር እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

አስፋልቱ ላይ ሰው አይወጣም። የታመመ ሰው ነርሷ ቤት የሚደርስበት ጠፋ፤ ጤና ጣቢያው ስለተዘጋ በቤቷ ነው የምታየው። ቅሬው ጓሮ ለጓሮ ተላላከና «አጥር ለአጥር ይከፈት» ተባለ። ጋሽ ግርማ «ያቺ ሰፈሩን ስትሥል የነበረችው ትምጣ» ብለው አስጠሩኝ። ናስር፣ ሰው በዚህ ቀን ይኮራል? እኔ ኮራሁ። የትኛው አጥር እንደሚከፈት የመረጥኩት እኔ ነኝ። አጭሩን መንገድ አወጣሁ፤ ራሴ ሮጬ ሞከርኩት። በረርኩበት።

ከዚያ ትዕግስትን ምጥ ያዛት። የቅሬው ቃሬዛ መጣ፤ ሁለት ሰው ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፤ እኔ እመራለሁ። የመጀመሪያውን አጥር አለፍን። ሁለተኛው ላይ ቃሬዛው ተሰነቀረ። ወደፊትም አይሄድ፣ ወደኋላም አይል። ለካ ቀዳዳውን የለካሁት በራሴ ትከሻ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ መንገድ ያወጣሽው ለድመት ነው?» አሉ ጋሽ ግርማ በሹክሹክታ። የሳቸው ሹክሹክታ ከሌላ ሰው ጩኸት ይብሳል።

«ጋሽዬ፣ አጭሩ እኮ ይሄ ነው።»

«አጭርነቱ ለማን?»

ትዕግስት ከቃሬዛው ላይ ጥርሷን ነክሳ፣ «ክርክሩን ስትጨርሱ ንገሩኝ፤ እስከዚያ እዚሁ ልውለድ» አለች። እናቷ እትዬ አሰለፈች አጥሩን በእጃቸው ይገነጥሉት ጀመር። የራሳቸው አጥር ነው፤ ያ ያዘመመው። 

መልስ አፌ ላይ ነበር። ታውቀኛለህ፤ ሁልጊዜ አለኝ። ቀዳዳውን ያጠበብኩት እኔ አይደለሁም፣ ቃሬዛውን ያሰፋችሁት እናንተ ናችሁ ልል ነበር። የትዕግስትን እጅ አየሁ፤ የቃሬዛውን እንጨት ይዞ ነጭ ሆኗል። ዋጥኩት።

«የት ጋ ነው የያዘው?» አልኩና ዝም አልኩ።

«ጎኑ» አሉ ጋሽ ግርማ። «ቃሬዛ መታጠፊያ ይፈልጋል። ከኋላ የያዘው ሰው እግሩን አያይም፤ ድንጋይ ካለ ያደናቅፈዋል። ቁልቁለትም ተዪ፤ እግሯ ከራሷ በላይ ይሆናል።»

ያወጣሁትን መንገድ እዚያው ተውኩት። ለጥ ያለውን ፈልጌ በሦስት ሰው ጓሮ አዞርኳቸው። ዙሪያው ረጅም ነበር፤ ግን የትም አልቆምንም። በየጓሮው ባለቤቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቆሙልናል፤ ድምጽ የለም፤ አጥሩን ገለጥ ያደርጉልናል። ደረስን። ወንድ ልጅ ነው። ጋሽ ግርማ «አጥሩ ይባል» አሉ። እትዬ አሰለፈች አልሳቁም።

በማግስቱ በደብተር ጀርባ ካርታውን እንደገና ጀመርኩ። ጭነቱ ጆንያ መሆኑ ቀርቷል፤ ቃሬዛ ላይ የተኛ ሽማግሌ ነው። ተጫዋቹ ከፊት ይመራል፤ ተሸካሚዎቹ ይከተሉታል፤ በጠባብ ካስገባቸው ይሰነቀራሉ። መሮጥ ያቃተው የት ይገባል ላሉት አባባ መልሴ ይህ ነው። ለሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። ልክ ነበሩ ብላቸው እስከ ዒድ ያወሩታል። መንገዱ አንድ ነው ያለው ባልደረባህም እውነቱን ነው።

ሽማግሌዎቹ ግን በየበሩ አሉ። ይህን ለኤሊፍ አልሰጣትም። አሁን ሰላም ካልካቸው ጓሯቸውን ይከፍቱልሃል፤ ብዙ ሰው ሰላም ያለ ብዙ መንገድ አለው። ሰላምታ የማይወድ በአስፋልቱ ይሂድ፤ እዚያ አሳዳጆቹ ይጠብቁታል።

ሀስና

—

መርሳ፣ ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ናስር! ኔትወርክ መጣ። ያንተም መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። ስለ ካርታው አይሁን ያልከውን አንብቤ ጎታው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ከዚያ ስለ ካርታው ልጽፍልህ ተመለስኩ። ሁላችንም አለን። አባባም፣ እናቴም፣ ያ ስም ያልወጣለትም ልጅ።

ላፕቶፑ ሲከፈት ከቁልፎቹ መሃል ማሽላ ፈሰሰ። ከነነቀዙ ይሠራል። በኅዳር የጻፍኩትን ደብዳቤና ከደብተሩ የገለበጥኩትን ካርታ ልኬልሃለሁ። የት ጋ እንደተያዛችሁ ጻፉልኝ። «ግሩም ነው» ያለ ሰው ካለ ስሙን ላክልኝ፤ እቀየመዋለሁ።

ሀስና

—

ኢዝሚር፣ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሀስና፤

አልሐምዱሊላህ። ሌላ ምን ልበል? ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ኤሊፍ ፊቴን አይታ «ሰው ሞተብህ?» አለችኝ። «የለም፤ ተወለደልን» አልኳት።

ካርታሽን ተጫወቱት። ኤሊፍ ወንዙ ደረሰች፤ ያውም በጓሮ። ዝቅ ብላ ለጋሽ ግርማ ስትመልስ ሰማኋት፤ አሁን በድንጋያቸው ላይ ስለተቀመጡ ይመስለኛል ብዙ አያቆዩም። «ልጅቷ አድጋለች» አለች። ከአፏ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይወጣም።

ሊቀበሉት ይፈልጋሉ። አንድ ነገር ግን ጠየቁ። ቃሬዛው አዝጋሚ ነው። ተጫዋቹ ከጨነቀው ሽማግሌውን አስቀምጦ ብቻውን ሮጦ ማሸነፍ ይቻለው ይላሉ። ይህ ካልተጨመረ ካርታው አይገባም። ብዙ ተከራከርኩ። ኤሊፍ ክፉ ሰው አይደለችም፤ «ተጫዋቹን አስገድጄ ደግ ላደርገው አልችልም» ነው የምትለው።

ካርታው ያንቺ ነው። እምቢ ብትዪ መልሱን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አንገቴንም አልደፋም። እስከ መጋቢት አጋማሽ አስቢበት።

ናስር

—

መርሳ፣ መጋቢት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለናስር፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አባባ ዛሬ የሚመርቁት ለኤሊፍ ነው፦ «ልጅ ይስጣት፤ ካላት ይባርክላት።»

ሽማግሌ ጥሎ መሄድ የሚቻልበትን ነገር በእጄ አልሠራም ብዬ አራት ገጽ ስድብ ጽፌ ነበር። ያምር ነበር። ስም ሁሉ አውጥቼላታለሁ። ግን አባባ «ምን ሆነሽ ነው ወረቀቱን የምትወጊው?» አሉኝና ነገርኳቸው። ላፕቶፑን አምጪ አሉ።

«ይኸ የተኛው እኔ ነኝ?»

«አይደሉም አባባ። ዝም ብሎ ሽማግሌ ነው።»

«አፍንጫው የኔ ነው።»

ምን እላለሁ? አፍንጫው የሳቸው ነው።

«እና ቱርኳ፣ ያሻው ጥሎኝ ይሂድ ነው የምትል?»

«እኔ እምቢ ብያለሁ! እርስዎን ትቶ የሚሄድ ሰው…»

«ተዪ ሀስና። በግድ የተሸከመኝ ሰው ያንገጫግጨኛል። ወዶ ከሆነ ይሸከመኝ፤ ካልሆነ ጥላ ፈልጎ ያስቀምጠኝ። ፀሐይ ላይ እንዳይጥለኝ ብቻ።»

በዚያ በሐምሌ፣ ሰው ሁሉ ዕቃ ሲያስር፣ «እናንተ ሂዱ» ያሉን ጊዜ በልቤ ተቀይሜያቸው ነበር። እንዴት ልንሄድ እንችላለን ብለው አሰቡ ብዬ። ዛሬ ነው የገባኝ፤ ማሰባቸው አልነበረም፤ በሩን ሊከፍቱልን ነው። ይህን ለሳቸውም አልነገርኳቸውም።

ስለዚህ ጨምሬዋለሁ። አራቱ ገጽ ምድጃ ገብቷል። አስቀምጦ መሄድ ይቻላል። ግን በየመንገዱ ጥላ ተክያለሁ፤ ከጥላ ውጪ ማስቀመጥ አይቻልም። ኤሊፍ ዛፎቼን ከነካች በአንቱ እጽፍላታለሁ።

ሀስና

—

መርሳ፣ ግንቦት 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለናስር፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ካርታው ወጥቶ ሰው እየተጫወተበት ነው ስትለኝ እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ለቅሶ ነው ሠርግ ብሎ ሮጦ መጣ።

ኤሊፍ የላከችልኝን የስህተት ዝርዝር ሙሉውን አንብቤዋለሁ። አልተቀየምኩም፤ ማለቴ ከሰዓት በኋላ አልፎልኛል። ከዛፉ ጋር የሚጣበቀውን ቃሬዛ አስተካክያለሁ። ውሃ ላይ የሚራመደውንም ሽማግሌ አውርጃለሁ፤ አባባ ግን «ተዪው፤ ወልይ ይሆናል» ብለው ነበር። የቀረው አንድ ነው። ወንዙ ዳር ያለው የመጨረሻው በር አሸናፊው ከገባ በኋላ መዘጋት ነበረበት፤ አይዘጋም ብላለች። እውነቷን ነው። ረስቼው ነው። የምጽፍልህም ስለዚሁ በር ነው።

መርሳ ኔትወርኩ ስለሚንቀራፈፍ ሌሎች ሲጫወቱ ለማየት ወልድያ ኢንተርኔት ቤት ሄድን፤ እኔ፣ አባባና ጋሽ ግርማ። ጋሽ ግርማ ሲሪንቃ እስክንደርስ ድረስ ለሾፌሩ ታሪኬን ነገሩት። በሳቸው አነጋገር ካርታውን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ጽፌላቸው ነው።

አንድ ተጫዋች መረጥንና ተከተልነው። ስሙ ፊደልና ቁጥር ነው፤ ከየት አገር እንደሆነ አይታወቅም። ትንሽ መራ፣ አሳዳጆቹ ተጠጉት፣ ሽማግሌውን ጥላ ስር አስቀምጦ እግሬ አውጪኝ አለ። ጋሽ ግርማ «ወይ ዘመን» አሉ። አባባ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔ ስክሪኑን ማየት ትቼ እሳቸውን አየሁ።

ልጁ ወንዙ ደረሰ። አሸነፈ። ሙዚቃው ተጫወተ፤ ነጥቡ ተጻፈለት። ሌሎቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወጡ። እሱ አልወጣም። ቆመ። ከዚያ ባልተዘጋው በር ተመልሶ ገባ።

«ምን ረስቶ ነው?» አሉ ጋሽ ግርማ።

«እንጃ።»

«ጨዋታው አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል ጋሽዬ።»

«ሲመለስ ነጥብ ይጨመርለታል?»

«አይጨመርለትም።»

ልጁ ጥላው ስር ደረሰ። ቃሬዛውን አስነሳ። የሚያሳድደው የለም፤ ሰዓቱ ቆሟል፤ የሚያየው ሰው እንዳለም አያውቅም። መታጠፊያውን እየመረጠ፣ ለጥ ባለው በኩል፣ ቀስ ብሎ መምራት ጀመረ።

ጋሽ ግርማ «እና ታዲያ ምን ሊያገኝ…» ሲሉ አባባ ክንዳቸውን ያዙ።

«ዝም በል ግርማ፤ ልጁ ይለፍ።»

እስኪያሻግረው ድረስ ሦስታችንም ዝም አልን።

ለኤሊፍ ንገርልኝ። ትችቷ ልክ ነው፤ በሩ ስህተት ነው። አልዘጋውም።

ሀስና